ልጁ ገባ፤ እናቱ በሩ ላይ ቆማለች

የእንቁጣጣሽ ቄጤማ ሳይደርቅ የየቤቱ ወሬ ወደ ደብተርና ዩኒፎርም ይዞራል። ክረምቱን «ምነው ትምህርት ቤት ተከፍቶ በተገላገልኩ!» ስትል የከረመች እናት፣ ቀኑ ደርሶ ልጇ አዲሱን ቦርሳ አዝሎ በሩን ሲያልፍ ዐይኗ ዕንባ ያቀርራል። እፎይታና ሆድ መባባት አንድ ላይ ይመጣሉ። በእፎይታዋ የምታፍርም አለች፤ ልጇ ከቤት በመውጣቱ ደስ ስላላት ክፉ እናት የሆነች ይመስላታል። ሐምሌና ነሐሴን በዝናብ ምክንያት ቤት የተዘጋባቸውን ልጆች ስታገላግል የከረመች ሴት እፎይ ብትል ምን ይገርማል?

አባትም አለ። የመመዝገቢያው፣ የወርሃዊ ክፍያው፣ የሰርቪሱና የዩኒፎርሙ ሒሳብ ስለሚያስጨንቀው ስለ ገንዘብ ብቻ ሲያወራ ግድ የሌለው ይመስላል። ልጁ ገብቶ ከዐይን ከተሰወረ በኋላ ግን አጥሩ ሥር ቆሞ የሚቀረው እሱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ኬጂ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ልጅ ነው። የእናቱን ቀሚስ ይዞ አልለቅም ሲል በሩ ላይ ያለው ሁሉ «ዞር ሲልልሽ ሹልክ በይ» ይላታል። ይህን ምክር ፈጽሞ አልወደውም። ልጁ ዞር ብሎ ሲያጣት የሚገባው፣ እናት በማንኛውም ሰዓት ልትጠፋ እንደምትችል ነው። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ጓዳ ስትገባ እንኳ ይከተላታል። ይልቅ ሳሙት፣ እጁን ለመምህሯ አስጨብጡ፣ መቼ እንደምትመለሱ በሚገባው መንገድ ነግራችሁት ሂዱ። ለ4 ዓመት ልጅ «9 ሰዓት» ማለት ምንም አይደለም፤ «ምሳ በልተህ፣ ተኝተህ ስትነሳ እመጣለሁ» ግን ይገባዋል። ካላችሁት ሰዓት አትዘግዩ። በመስኮት ለማየትም አትመለሱ፤ የተረጋጋው ልጅ ለቅሶውን እንደ አዲስ ይጀምራል። የእናንተ ዕንባ ደግሞ ጥጉን ከዞራችሁ በኋላ ቢወርድ ይሻላል፤ እናቱ ስታለቅስ ያየ ልጅ ውስጥ የሚያስፈራ ነገር ያለ ይመስለዋል።

ድሮ ልጅ የሚፈራራው በጅብ ነበር። አሁን «ቆይ፣ ለመምህሯ ነግሬ አስገርፍሃለሁ!» ሆኗል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እኛ ግን ገና መስከረም ሳይጠባ መምህሯን ዱላ እናስጨብጣታለን፤ ከዚያ ልጁ አልገባም ሲል እንገረማለን።

ጤና ጣቢያ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ሆዳቸውን የሚያማቸው ልጆች ይበዙብን ነበር። ሕመሙ ጠዋት ይነሣል፣ ቅዳሜና እሑድ ይጠፋል፤ ሰገራ ቢመረመርም ምንም አይገኝም። ልጁ ግን አልዋሸም፤ ጭንቀት ሆድን በእርግጥ ያሳምማል። ትኩሳት፣ ትውከት፣ ክብደት መቀነስ፣ ሰገራ ላይ ደም ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነውና ሳትውሉ ሳታድሩ አስመርምሩት።

እንቅልፍም ክረምት ላይ ይዛባል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ሰርቪስ እንዳያመልጠው ንጋት 11 ሰዓት ተኩል የሚነሣ ልጅ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ካልተኛ ዝቅተኛውን 9 ሰዓት እንኳ አያገኝም። በእኛ ቤት ደግሞ ያ የእራትና የድራማ ሰዓት ነው! ድራማው ይቅርባችሁ።

ማታ «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» ስትሉት «ደኅና» ብሎ ይዘጋባችኋል። ይልቅ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ፣ በሩ ይዘጋ እንደሆነ፣ ውኃ ይኖር እንደሆነ ጠይቁት። ስንት ልጅ መጠየቅ አፍሮ ወይም መግባት ፈርቶ ሽንቱን ቋጥሮ ይውላል፤ ላለመሽናት ሲል ውኃ የማይጠጣም አለ። የውኃ ኮዳው እንደ ሞላ ከተመለሰ ነገ ጠዋት በሩ ላይ ከመምህሯ ጋር የምታወሩት ጉዳይ አላችሁ።