ገዳዩ ማን ነው?

የልጅ ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አብራኝ ትኖራለች። መብራት ሲጠፋ ብሎኩ ሁሉ ያማርራል፤ እሷ ግን ስልኳን አብርታ ብርድ ልብሷ ውስጥ ትገባለች። ከወንድ ልጅ ጋር የምትጻጻፍ መስሎኝ ስንት ሌሊት ጆሮዬን ጥዬ አደርኩ። እናንተም ቤት ይኼ ጥርጣሬ አይጠፋም። አንድ ምሽት ታገሥኩ ታገሥኩና ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረግሁት። የተገኘው ጠርዙ የተበላላ መጽሐፍ ነው፤ «ዴርቶጋዳ»።

ተመስገን ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ግድያ፣ ስለላና መንፈስ ያለበት መጽሐፍ በእኩለ ሌሊት ለልጅ አይሆንም ብዬ ቀማኋት። ጡረተኛ ነኝና ቀን ቀን ጊዜ አላጣም፤ እስቲ ምንድን ነው ብዬ ገለጥኩት። በሦስተኛው ቀን ሽሮዬ እስኪያርር ድረስ ከመጽሐፉ ቀና አላልኩም። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትገባ ሽታውን አሸተተችና ምንም ሳትናገር ሣቀች።

ለማያውቁት ልንገራችሁ። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የወጣው በ2001 ዓ.ም. ነው። የጣና ገዳማት፣ የውጭ ሰላዮች፣ ሳይንስና ምስጢር አንድ ላይ የተቦኩበት ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ነው። ደጋግሞ ታትሟል፤ «ራማቶሓራ» የሚባል ተከታይም አለው። ማንበብ አይወድም እያልን የምናማው ወጣት ተሻምቶ አንብቦታል። ቀጥሎ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ«እመጓ»፣ በ«ዝጎራ»ና በ«መርበብት» መጡ። እኚህ ሰው የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ሲያጠኑ የኖሩ የሥነ ምህዳር ምሁር ናቸው። የልጅ ልጄ ሁሉንም ከጓደኞቿ ጋር እየተዋዋሰች ጨርሳቸዋለች።

«መርበብት» የሚለውን ርዕስ ሳይ ግን እኔ ትዝ ያለኝ ልቦለድ አይደለም፤ የሕመምተኞቼ አንገት ነው። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ክታብ ያላንጠለጠለ ሕፃን የማይመጣበት ጤና ጣቢያ ነበር። መርበብተ ሰሎሞን በእነዚያ ክታቦች ላይ ከሚጻፉት ጸሎቶች አንዱ ነው፤ ንጉሥ ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ ያጠመደበት። ብራናው በሕመምተኛው ቁመት ልክ ይቆረጥ ነበር። አንድም ቀን በጥሼ አውቄ አላውቅም። «ትንሽ ፈቀቅ ላድርገው» ብዬ እናቲቱን አስፈቅጄ ደረቱን አዳምጥ ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አያቷም እንደምታነብ ካየች በኋላ የልጅቷ አንደበት ተፈታ። አንድ እሑድ፣ ቡና እየቆላሁ ሳለ፣ ባለ 50 ቅጠል ደብተር አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠች። «እቴቴ፣ እኔም እየጻፍኩ ነው። ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለችኝ።

ድርሰቱ ያዘኝ፤ እውነቴን ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መምህር ሞተው ይገኛሉ። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ሦስት ተማሪዎች ምርመራ ይጀምራሉ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ግን ገዳይዋ ትገኛለች፤ ክፍል ውስጥ እየወደቀች አረፋ የምትደፍቅ ልጅ ናት። ስትወድቅ መንፈስ ይገባባታል፤ መምህሩንም የገደለቻቸው መንፈሱ አዟት ነው።

ደብተሩን ዘጋሁት። «እንዲህ የምትወድቅ ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። በክፍላቸው አንዲት አለች። ወድቃ ስትነሣ ዓይኗ እንደሚያስፈራ ነገረችኝ። «አሁን ማንም አብሯት አይቀመጥም» አለች፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው።

ልቆጣት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ልጅን ተቆጥቼ ደብተሯን ብታቃጥለው ምን አተርፋለሁ? አብሯት የማይቀመጠው ክፍል እንደሆነ እዚያው ነው። ስለዚህ ልብ አንጠልጣይ ታሪክ በሌላ ልብ አንጠልጣይ ታሪክ መለስኩላት።

በክታብ ላይ ከሚጻፉት አንዱ የቅዱስ ሱስንዮስ ታሪክ ነው። የተወለደለት ልጅ ይሞትበታል። ገዳይዋ ውርዝልያ ትባላለች፤ ሕፃናትን የምትፈጅ ክፉ ሴት። ሱስንዮስ ፈረሱ ላይ ወጥቶ፣ ጦሩን ይዞ ፍለጋ ይወጣል። መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት አግኝቶ ይጠይቃታል፤ አሮጊቷ በእጇ ትጠቁመዋለች። በመጨረሻ አጋንንት ከብበዋት አግኝቶ በጦሩ ይወጋታል። ሟች፣ መርማሪ፣ ምስክር፣ ወንጀለኛ፤ ምን ጎደለው? አያት ቅድመ አያቶቻችን ይህን ነው በአንገታቸው ያንጠለጠሉት።

«ሕፃናቱን ግን እውነት ማን ነው የገደላቸው?» አለችኝ ልጅቷ። ይህን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው።

ጀማሪ ነርስ ሳለሁ የማልረሳው ነገር አለ። ጤነኛ ሆኖ የተወለደ፣ ሁለት ቀን በደንብ የጠባ ሕፃን በሳምንቱ ገደማ ጡት መያዝ ያቅተዋል። አፉ አይከፈትም፣ ሰውነቱ እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ሲነኩት ይንቀጠቀጣል። እናቶች ሾተላይ ይሉታል፣ ዓይን ነው ይላሉ፣ መጨረሻ ላይ ዕንቁላል ልትበደር የመጣች ጎረቤት ስም ይነሣል። ገዳዩ ግን እትብቱ የተቆረጠበት ምላጭ ነው፤ ወይም ቁስሉ ላይ የተቀባው ነገር። መንጋጋ ቆልፍ፣ በእኛ ቋንቋ ቲታነስ። በአፈር ውስጥ የሚኖር ተህዋስ ነው። በንጹሕ ምላጭና ለእናትየው በሚሰጥ ክትባት ይያዛል። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ቲታነስን ማስወገዷ በ2009 ዓ.ም. ሲረጋገጥ እኔ ሬዲዮኔን አቅፌ አለቀስኩ። ያቺ ጎረቤት ግን ስሟ አልተመለሰላትም።

ልጅቷ ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ታዲያ መንፈስ ከሌለበት ምኑ ያስፈራል? ይሰለቻል እኮ» አለች። እውነት ለመናገር መልስ አልነበረኝም። መንፈስን ከተረት ማውጣት እንደማይቻል አውቃለሁ፤ እኔም የጅብና የቡዳ ወሬ ሰምቼ ነው ያደግሁት፣ ዛሬም ሌሊት ውጭ ስወጣ አማትባለሁ።

ያዳነኝ ሼርሎክ ሆልምስ ነው። ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል ሐኪም ነበር። መርማሪውንም የቀረጸው ሕመምተኛ ገና ሲገባ አካሄዱንና እጁን አይቶ ታሪኩን የሚናገር የነበረውን መምህሩን፣ ዶክተር ጆሴፍ ቤልን አስቦ ነው። በ1902 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በመጽሐፍ በታተመ አንድ ታሪኩ ውስጥ አንድን ቤተሰብ ከትውልድ ትውልድ የሚያሳድድ የሲኦል ውሻ አለ፤ አፉ እሳት ይተፋል። እስከ መጨረሻው ድረስ አንባቢው ይርበደበዳል። ውሻው ለካ እውነተኛ ውሻ ነው፤ በጨለማ የሚያበራ ነገር ተቀብቷል። ከኋላው ውርስ የፈለገ ሰው አለ። (ላላነበባችሁት ይቅርታ።) የሚገርመው፣ ዶይል ራሱ ከሙታን ጋር መነጋገር ይቻላል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። መርማሪው ግን ምስክርነት የሚቀበለው ከእግር ዱካና ከሲጋራ አመድ ነው።

ከዚያ ስለ ክፍል ጓደኛዋ ተነጋገርን። የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው፤ ለጥቂት ጊዜ የአንጎል ኤሌክትሪክ ሲዛባ ሰውነት ይንቀጠቀጣል። ምራቁ አይጋባም። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም አይጠቅምም፤ እኔ ያየሁት ከንፈር ሲያቃጥል ነው። አፍ ውስጥ ማንኪያም እንጨትም አይገባም። ሰውየውን አትጨቁኑት፤ ጠንካራ ነገር ከአጠገቡ አንሡ፣ አንገቱ ላይ ያለውን ልብስ አላሉ፣ እንደቻላችሁ በጎኑ አስተኙ፣ ሰዓት ያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና። ጸበል ለሚያስጠምቁ ወላጆች ሁልጊዜ የምለው አንድ ነገር ነበር፤ ጠበሉን ጠጡ፣ ክኒኑን ግን በድንገት አታቁሙ። ክኒን በድንገት አቁሞ የባሰበትን ልጅ በእጄ ተቀብያለሁ።

«ስትነሣ ዓይኗ የሚያስፈራው ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«የት እንዳለች ስለማታውቅ ነው። ሲጥላት የሆነውን ነገር አታስታውሰውም። አንዳንዴ ከዚያ በፊት የነበሩትን ደቂቃዎችም ጭምር።»

ልጅቷ ቡናዋን አስቀምጣ ተነሣች። የሄደችው ወደ ደብተሯ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስተኛው ምዕራፍ እንደ አዲስ ተጽፎ መጣልኝ። መንፈሱ አልጠፋም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አሁንም መብራት በራሱ ይጠፋል፣ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ይወድቃል። የምትወድቀዋ ልጅ ግን ገዳይ መሆኗ ቀርቷል። በዚያ ምሽት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የነበረች ብቸኛ ምስክር ሆናለች፤ ገዳዩን አይታዋለች፣ ከዚያ ወድቃለች፣ ያየችውን ማስታወስ አልቻለችም። ገዳዩ ደግሞ አለማስታወሷን አያውቅም።

ጉሮሮዬ ደረቀ። «ምስክሯ ስለ ራሷ እንዲህ መጻፍሽን ታውቃለች?» ብዬ ጠየቅኋት፣ የክፍል ጓደኛዋን ማለቴ ነው። ማክሰኞ ዕለት አጠገቧ ተቀምጣ እንዳነበበችላት ነገረችኝ። ጓደኛዋ አንድ እርማት ብቻ ሰጥታለች፤ ከመውደቋ በፊት የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ይሸታታልና ይግባልኝ ብላ። እኔም በሥራ ዘመኔ እንዲህ የሚሉ ሕመምተኞች ሰምቻለሁ።

አራተኛው ምዕራፍ ገና አልደረሰኝም። እኔ የስፖርት አስተማሪውን ጠርጥሬያለሁ።