ከአክራ የመጣው በረኛ



ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ኳስ ሳያይ የሚውል አበሻ በስደት ምድር ከተገኘ ብርቅ ነው። ስለ አርሰናልና ስለ ማንቼስተር ዩናይትድ ስንከራከር ስማቸውን የምናነሳቸው ጥቁር ተጫዋቾች ብዙ ናቸው፤ አርተር ዋርተንን የሚያነሳ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። ማታ ከሥራ መልስ የጥንቱን እግር ኳስ ታሪክ ማገላበጥ ልማድ ሆኖብኛልና ዛሬ የዚህን ሰው ነገር ላጫውታችሁ።

አርተር እ.ኤ.አ. በ1865 ዛሬ ጋና በምንላት፣ ያን ጊዜ ጎልድ ኮስት ትባል በነበረችው አገር፣ አክራ ውስጥ ጄምስታውን በሚባለው ሰፈር ተወለደ። አባቱ ከካሪቢያኗ ግሬናዳ የመጡ፣ ከስኮትላንድም ከአፍሪካም የሚወለዱ የሜቶዲስት ሰባኪ ነበሩ። እናቱ ደግሞ ከፋንቴ ሕዝብ መሳፍንት ወገን ናቸው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ ሲላክ ተምሮ እንደ አባቱ ወንጌል እንዲሰብክ ታስቦ ነበር። ዳርሊንግተን ከተማ ክሊቭላንድ ኮሌጅ ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሐኪም ይሆናል ተብሎ ተልኮ ሌላ ነገር ሆኖ የተገኘ ልጅ የሌለው ዘመድ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ስሙን ያስጠራው በሩጫ ነው። ሐምሌ 3 ቀን 1886 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ በተደረገው የእንግሊዝ አማተር አትሌቲክስ ሻምፒዮና 100 ያርድ በ10 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ። ይህም 91.44 ሜትር ማለት ነው። መነሻ ብሎክ በሌለበት ዘመን በሰከንድ ከ9 ሜትር በላይ መሄድ ቀልድ አይደለም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ፈጣን ሰው እንዴት በር ላይ ይቆማል? እኔም መጀመሪያ የገረመኝ ይኸው ነበር። መልሱ ያለው በዘመኑ ሕግ ውስጥ ነው። በረኛ ኳስን በእጁ መንካት የሚችለው በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ብቻ እንዲሆን የተወሰነው በ1912 ነው። ከዚያ በፊት በራሱ የሜዳ አጋማሽ ውስጥ የትም ቦታ በእጁ መጫወት ይችል ነበር። ስለዚህ በረኛው የሚጠብቀው 7.32 ሜትር ስፋት ያለውን በር ብቻ ሳይሆን ሃምሳ ሜትር ያህል የሚዘልቅ ሜዳንም ጭምር ነው። አጥቂው ኳስ ላይ ከመድረሱ በፊት ሮጦ የሚደርስ በረኛ ትልቅ ሀብት ነበር።

ሥራው አደገኛም ነበር። እስከ 1890ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በረኛው ኳስ ባይዝም እንኳ አጥቂዎች በትከሻ ገጭተው ሊጥሉት ይፈቀድላቸው ነበር። ኳስ ታቅፎ መቆም ራስን ለግጭያ ማቅረብ ስለሆነ አብዛኞቹ በረኞች ኳሱን በቡጢ መትተው ያርቁት ነበር፤ አርተርም በቡጢው የታወቀ ነው። አንድ ተመልካች ከብዙ ዓመታት በኋላ ለጋዜጣ ሲጽፍ፣ አርተር አግዳሚው ላይ ተንጠልጥሎ ኳሷን በእግሮቹ መካከል ሲይዛትና እየከነፉ የመጡት ሦስት አጥቂዎች መረብ ውስጥ ሲወድቁ ማየቱን መስክሯል። (መረቡን ያመጣው ጆን አሌክሳንደር ብሮዲ የተባለ የሊቨርፑል መሐንዲስ ነው፤ በ1891 ሥራ ላይ ዋለ። የሙያ ባልደረባዬን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኝ ነበር።)

ጋዜጦቹ ግን ሁልጊዜ አላጨበጨቡለትም። በ1887 አንድ ዓምደኛ ቆዳውን የሚመለከት ስድብ ጨምሮ፣ በቋሚው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ኳስ መጠበቁን ቧልት ነው ብሎ ተሳለቀበት። ነጩ በረኛ ዊልያም ፎልክ ሜዳ ላይ ሲቀልድ የሕዝብ ወዳጅ ነበር። አርተር ሲቀልድ ግን ጭንቅላቱ ተጠረጠረ።

በ1886 በአማተርነት ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ ገብቶ በ1887 ከቡድኑ ጋር ለእንግሊዝ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ከዚያ ወደ ሩጫው አደላና ለቀቀ። ፕሬስተን ደግሞ በ1888–89 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የመጀመሪያውን ሊግ፣ አንድም ግብ ሳይቆጠርበት ዋንጫውን ወሰደ። ዕድል እንዲህ ናት።

በ1889 ለሮዘርሃም ታውን በደመወዝ ፈረመ። ለኳስ ደመወዝ መክፈል በእንግሊዝ ሕጋዊ ከሆነ ገና አራት ዓመቱ ነበር። አርተር የመጀመሪያው ጥቁር ባለሙያ ተጫዋች የሚባለውም ከዚህ ተነሥቶ ነው። እርግጥ ከእርሱ በፊት፣ በ1881፣ አንድሩ ዋትሰን የተባለ ጥቁር ተከላካይ የስኮትላንድ ቡድን አምበል ሆኖ እንግሊዝን ለንደን ላይ 6 ለ 1 አሸንፏል። ዋትሰን ገንዘብ ይከፈለው ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው የታሪክ ጸሐፊዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

በ1894 አርተር ሼፊልድ ዩናይትድ ሲገባ ከላይ ያነሣሁት ፎልክ በሩን ይዞት ነበር። ፎልክ ግዙፍ ነው፤ በኋላ ክብደቱ ከ130 ኪሎ አልፏል። አርተር ተጠባባቂ ሆኖ የተጫወተው ሦስት ጊዜ ብቻ ቢሆንም በአንደኛ ዲቪዚዮን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። በ1895 ወደ ሮዘርሃም ተመለሰ፤ አባቶቻችን አድዋ ላይ ሲዋጉ እርሱ እዚያ ነበር። ከዚያ በኋላ በትናንሽ ክለቦች ሲዘዋወር ቆይቶ በ1902፣ በ36 ዓመቱ፣ ከስቶክፖርት ካውንቲ ጫማውን ሰቀለ።

ጡረታ የለ፣ ካሳ የለ። መጠጥ ቤት ማስተዳደሩም አላዛለቀውም። ዶንካስተር አጠገብ ኤድሊንግተን መንደር በሚገኘው የዮርክሻየር ሜን የድንጋይ ከሰል ማዕድን የጉልበት ሠራተኛ ሆነ። በታኅሣሥ 1930 (እ.ኤ.አ.) በ65 ዓመቱ ሞተና ምልክት በሌለው መቃብር ተቀበረ። ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ የቆመለት በ1997 ነው፤ ያሠሩለትም በሼፊልድ በኳስ ሜዳ ዘረኝነትን የሚታገሉ ሰዎች ናቸው። በ2003 በእንግሊዝ እግር ኳስ የዝነኞች መዝገብ ውስጥ ገባ፤ በ2014 ደግሞ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን በሚሠለጥንበት በሴንት ጆርጅስ ፓርክ ሐውልት ቆመለት።

ዶንካስተርና ሼፊልድ አካባቢ የምትኖሩ ካላችሁ የኤድሊንግተን መካነ መቃብር ሩቅ አይደለም።