ደጋ ላይ የረጋው ዘይት ቆላ ሲደርስ ለምን ይቀልጣል?

ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ የሚወርድ መንገደኛ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ነው የሚደርሰው። አብሮት የሚወርደው የፓልም ዘይት ጀሪካንም ይለወጣል። በደጋው የማለዳ ብርድ ነጭ ሆኖ የረጋው ዘይት ቆላው ገበያ ላይ ጥርት ብሎ ይፈስሳል። ይህን ያየ ሸማች ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም፤ መርጋቱ ብቻውን ግን የማጭበርበር ማስረጃ አይሆንም።

ነገሩ ያለው ቅባቱ በተሠራበት የካርቦን ሰንሰለት ላይ ነው። እያንዳንዱ ካርቦን የሚችለውን ያህል ሃይድሮጂን ሲይዝ ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል። ቀጥ ያሉት እንደ ማሽላ አገዳ ተጠጋግተው ስለሚተኙ ለመላቀቅ ሙቀት ይፈልጋሉ። ሳቹሬትድ የሚባለው ቅባት ይህ ነው። ሃይድሮጂን ጎድሎ በሁለት ካርቦኖች መካከል ድርብ ትስስር ሲፈጠር ሰንሰለቱ ይጎብጣል፤ የጎበጠ አገዳ ደግሞ ለነዶ አይመችም። አንሳቹሬትድ ቅባት ቶሎ የማይረጋው ለዚህ ነው።

ቅቤ ከግማሽ በላዩ፣ የፓልም ዘይት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ነው። ከኑግ ዘይት አብዛኛው ሁለት ድርብ ትስስር ያለው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሳቹሬትድ ቅባት የሚገኘው ኃይል ከዕለቱ ምግብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚመክር፣ ኑጋችንና ሰሊጣችን በዚህ በኩል ብልጫ አላቸው።

ብልጫው ግን ዋጋ ያስከፍላል። ድርብ ትስስሩ ለኦክስጅን የተከፈተ በር ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ የተደረደረ የኑግ ዘይት ሽታውና ጣዕሙ ቶሎ የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሰሊጥ ብልሽቱን የሚያዘገዩ የተፈጥሮ ውህዶች ስላሉት ይሻላል። ዘሩም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እርጥበት ያለው ወይም በውቂያ የተሰበረ ዘር ውስጥ ኢንዛይሞች ቅባቱን ይበታትኑታል፤ ዘይቱ ገና ሳይጨመቅ አሲዱ ይጨምራል። ስለዚህ አርሶ አደሩ ዘሩን በደንብ አድርቆ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ነፋሻና ጥላ ባለበት ቦታ ቢያስቀምጥ ይጠቅመዋል።

የወረዳ ተቆጣጣሪዎችም የረጋ ጀሪካን ስላዩ ብቻ የነጋዴን ዕቃ መያዝ የለባቸውም። ያልረጋ ዘይትም ንጹህ ነው ማለት አይደለም። ጥርጣሬ ካለ ናሙናው ታሽጎ ወደ ላቦራቶሪ መሄድ አለበት፤ የሰንሰለቶቹን ዓይነትና መጠን ለይቶ የሚያሳየው እዚያ የሚደረግ ምርመራ ነው።