መጠባበቂያው መስመር በእርግጥ ይሠራል?

የካርድ ማሽኑ እንዳይቆም ከዋናው የኢንተርኔት መስመር ሌላ በሲም ካርድ የሚሠራ መጠባበቂያ ራውተር ሱቅዎ ውስጥ አስገብተው ይሆናል። ለሁለቱም በየወሩ ይከፍላሉ። ታዲያ ዋናው ሲቋረጥ ማሽኑ ወደ ሁለተኛው ይዞራል ወይ?

አሠራሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የአይፒ ስድስተኛ እትም ደንብ መሠረት ራውተሮች በየጊዜው «አለሁ» እያሉ ያስታውቃሉ፤ ማሽኑም ይመዘግባቸዋል። ሲመርጥ መልስ መስጠቱ የታወቀውን ያስቀድማል፤ ሁሉም ዝም ካሉ ተራ በተራ ይሞክራል። በ2005 የወጣ ሌላ ደንብ ደግሞ ራውተሮችን ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ብሎ በደረጃ ለመለየት ያስችላል።

ማሽኑ አንዴ ያገኘውን መልስ በተለምዶ ለ30 ሰከንድ ያህል ያምናል። ከዚያ በኋላ መልእክት ሲልክ 5 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ማረጋገጫ ካጣ በ1 ሰከንድ ልዩነት 3 ጊዜ ይጠይቃል። አሁንም መልስ ከሌለ ወደ ሌላው ይዞራል።

ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ የሚፈትነው ሱቅ ውስጥ ያለውን ራውተር እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለውን መስመር አይደለም። ውጭ ገመድ ቢቆረጥም ራውተሩ መብራቱ በርቶ «አለሁ» ሊል ይችላል። ታክሲ የሚነዱ አንባቢዎቻችን ይህን ያውቁታል፤ የመንገዱ መግቢያ ክፍት ነው ማለት ወዲያ ያለው ድልድይ አልፈረሰም ማለት አይደለም።

በቀድሞው አራተኛ እትም ለሚሠራ ማሽን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው አንድ ራውተር ብቻ ስለሆነ፣ ሁለተኛውን ጨርሶ ላያውቀው ይችላል።

ስለዚህ የሚሻለው ሁለቱንም መስመር የሚቀበል፣ የውጭውን ግንኙነት ራሱ እየፈተነ የሚቀያይር አንድ ራውተር ነው። ባለሙያዎን «የሚፈትነው ራውተሩን ነው ወይስ የውጭውን መስመር?» ብለው ይጠይቁ።

ከዚያም ገበያ በማይበዛበት ሰዓት ኤሌክትሪኩን ሳይነኩ የውጭውን ገመድ ብቻ ይንቀሉና በካርድ አነስተኛ ሂሳብ ይክፈሉ። ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይመዝግቡ። ገመዱን ሲመልሱም ማሽኑ ወደ ዋናው መስመር መመለሱን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ የሞባይሉ ሂሳብ ሳያውቁት ሊከመር ይችላል።

«መስመር ቢጠፋም ማሽኑ ካርድ ይቀበላል» ብለው ደግሞ አይዘናጉ። እንዲህ የተያዘ ክፍያ በኋላ ውድቅ ቢሆን፣ ኪሳራው አብዛኛውን ጊዜ የባለሱቁ ነውና ውልዎን ይመልከቱ።