ባሕሩ ሄደ፣ ሰዎቹ ግን አልተመለሱም

ኔዘርላንድስ መኖር ከጀመርኩ ዓመታት ቢቆጠሩም ስኾክላንድን ያየሁት ገና ባለፈው ወር ነው። በእርሻ መሃል በብስክሌት ስንጓዝ መንገዱ ትንሽ ከፍ አለ። «ይኸው፣ ደሴቷ ላይ ደረስን» አለኝ ጓደኛዬ። ዙሪያውን ብቃኝ ድንችና ሽንኩርት እንጂ ውሃ የሚባል የለም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኾክላንድ ድሮ ዛውደርዜ በተባለው ባሕር ውስጥ የነበረች ጠባብ ደሴት ናት። ነዋሪዎቿ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ማዕበል እንዳይወስዳቸው ሰው በከመራቸው ጉብታዎች ላይ ተጠጋግተው ይኖሩ ነበር። ባሕሩ መሬቷን እየሸረሸረ፣ ድህነቱም እየባሰ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1859 መንግሥት «ልቀቁ» ብሎ አዘዘ። ከ600 በላይ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ካምፐን፣ ፎለንዳምና ሌሎች የባሕር ዳርቻ መንደሮች ተበተነ።

በ1932 ታላቁ ግድብ ዛውደርዜን ከሰሜን ባሕር ለየው። በ1942 ደግሞ በደሴቷ ዙሪያ የነበረው ውሃ በፓምፕ ተመጥጦ መሬቱ እርሻ ሆነ። ሰዎቹን ያባረረው ባሕር በተራው ተባረረ ማለት ነው። በ1995 ዩኔስኮ ስፍራውን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በ1834 የተሠራችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ጉብታው ላይ ቆማለች።

እዚያ ቆሜ ስለ እኛ አሰብኩ። ብዙዎቻችን «ነገሩ ሲስተካከል እመለሳለሁ» እያልን ሻንጣችንን ሳንፈታ እንኖራለን። ስኾክላንድም ተስተካከለላት፤ ግን 83 ዓመት ፈጀ። የለቀቁት ሰዎች የልጅ ልጆች ግን ዛሬም በማኅበር ተሰባስበው የደሴቷን ታሪክ ይጠብቃሉ። እኛስ? መመለሱ ቢዘገይ እንኳ፣ ሻንጣውን ፈትተን ለልጆቻችን የመንደራችንን ስምና ታሪክ እናውርሳቸው።