መስማት ስለ ተሳናቸው ልጆችና ስለ ሚላኖው ጉባኤ

ትምህርት ቤት ሥርዓቱን የሚሠራው ብዙዎቹን ልጆች አስቦ ነው። ሥርዓቱ ለጥቂቶቹ ባልተስማማ ጊዜ ግን ሥርዓቱ ይሻሻላል ወይስ ልጁ ይገደዳል? በአውሮጳ መስማት በተሳናቸው ልጆች ላይ የደረሰው ነገር ይህን ለሚመረምር መምህር ብዙ ያስረዳል። ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

በ1760 ገደማ ሻርል ሚሼል ደ ሌፔ የሚባል ፈረንሳዊ ቄስ በፓሪስ ከተማ ለእነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ድኾችንም ያለ ክፍያ ተቀበለ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው በእጅ ሲነጋገሩ ባየ ጊዜ አልከለከላቸውም፤ ይልቁንም ምልክታቸውን ራሱ ተምሮ በዚያው ንባብና ጽሕፈት አስተማራቸው። በዚህ ትምህርት ቤት ያደገው ሎራን ክሌርም፥ ራሱ የማይሰማ ሲሆን፥ በ1816 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1817 በሃርትፎርድ ከተማ የተከፈተውን ትምህርት ቤት ከመሠረቱት አንዱ ሆነ።

ሌሎች መምህራን ግን፥ ይልቁንም በጀርመን አገር ያሉት፥ ልጁ የሰው ከንፈር እያየ ነገር መለየትንና በአፉ መናገርን ይልመድ፤ እጁ ከተናገረ አፉ ይሰንፋል ይሉ ነበር። ክርክሩ በርትቶ በ1880 በሚላኖ ከተማ ጉባኤ ተደረገ። ከተሰበሰቡት 164 ሰዎች መስማት የተሳናቸው እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ባለ ጉዳዩ ሳይጠራ የሚፈረድበት ሸንጎ ማለት ይህ ነው። የአፍ ትምህርት ከምልክት ይመረጥ ብለው 160 ሰዎች ፈረዱ፤ የተቃወሙት አራት ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የማይሰሙ መምህራን ከሥራቸው ወጡ። ልጆቹም እጃቸውን ባንቀሳቀሱ ጊዜ ተቀጡ፤ በእጃቸው ላይ እንዲቀመጡ የታዘዙም ነበሩ። አንዲት ቃል ከአፋቸው ለማውጣት ብዙ ቀን ሲደክሙ ሌላው ትምህርት ሁሉ አመለጣቸው። ምልክቱ ግን አልጠፋም፤ በመኝታ ቤትና በጨዋታ ቦታ ትልልቆቹ ለታናናሾቹ በስውር ያስተምሩ ነበር። በ1960 ዊልያም ስቶኪ የተባለ አሜሪካዊ መምህር ይህ የእጅ ንግግር የራሱ ሥርዓት ያለው እውነተኛ ቋንቋ መሆኑን በጽሑፍ አስረዳ። ጉባኤው ግን በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ ተሰብስቦ የሚላኖውን ውሳኔ የነቀፈውና ስላደረሰው ጉዳት መጸጸቱን የገለጸው ገና በ2010 ነው።

በአማርኛ ደንቆሮ የሚለው ቃል የማይሰማውንም የማያውቀውንም አንድ አድርጎ ይጠራል፤ ከዚህም ስሕተት የተነሣ አእምሮው ሙሉ የሆነ ልጅ አይገባውም ተብሎ ከከብት ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ሲጠሩት ዝም የሚል ልጅ ያጋጠመው መምህር፥ እምቢተኛ ነው ብሎ አለንጋ ከማንሣቱ አስቀድሞ ከኋላው ቆሞ ስሙን ይጥራው። ልጁ ጥቂት የሚሰማ ከሆነ ከፊት ያስቀምጠው፤ መምህሩም ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ አይናገር። ጭራሽ የማይሰማ ከሆነ፥ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋራ የሚግባባበትን ምልክት ከቤተ ሰቡ ጠይቆ ይወቅ፤ ውሃንና እንጀራን፥ በሬንና ላምን በእጁ ለይቶ የሚያሳይ ልጅ ፊደልንም ይለያል። በኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ስላሉ ሽማግሌዎች ከአባቱ ጋራ ይማከሩ። ቋንቋ ሳያገኝ ያደገ ልጅ በኋላ መማሩ እጅግ ይከብደዋልና፥ ጕዳዩ ለሚመጣው ዓመት አይተው።