ኮምፒዩተሩ ከታደሰ በኋላ ጌም የሚዘገየው ስለ ምንድን ነው?

በዕረፍት ሰዓት በግቢያችን ከሚሰሙት አቤቱታዎች አንዱ ይህ ነው፤ «ኮምፒዩተራችን ደኅና ነበረ፤ ዊንዶውስ 11 ከተጫነበት ወዲህ ግን ጌም እየተንቀረፈፈ አስቸገረን»። የሚሰጠውም ፍርድ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «አርጅቷልና አዲስ ይገዛ» ይባላል። ይህ ፍርድ የሚፈጸመው በወላጅ ኪስ ላይ ስለ ሆነ፣ ከመፈጸሙ በፊት ነገሩን መመርመር ይገባል። ዕቃው በአንድ ሌሊት አላረጀም። ትናንት የነበረው ብረት ዛሬም ያው ነው፤ የተለወጠው በብረቱ ላይ ሆኖ የሚያዝዘው ሥርዓት ነው። እንግዲህ ጥፋቱ አስቀድሞ መፈለግ ያለበት ከተለወጠው ነገር ዘንድ ነው።

ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ዊንዶውስ 10ን ያወጣው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015 ዓ. ም. ሲሆን፣ ለዚሁ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ወደ ዊንዶውስ 11 ተሻግሯል። ይኸኛው በ2021 ሲወጣ የተነገረለት ዝቅተኛ ልክ 4 ጊጋባይት ሜሞሪና 64 ጊጋባይት የማከማቻ ስፍራ ነው። ነገር ግን ዝቅተኛ ልክ ማለት ኮምፒዩተሩ ይነሣል ማለት እንጂ ጌም ያጫውታል ማለት አይደለም።

ጌም የትምህርት ጠላት ነው የሚሉ መምህራን ይህን አርእስት አይተው ቅር ይላቸው ይሆናል። ይሁን እንጂ ጌም የኮምፒዩተርን ሕመም ከሁሉ ቀድሞ የሚያሳይ ነገር መሆኑን ቢያስቡልን መልካም ነው፤ ጽሑፍ የምንጽፍበት ፕሮግራም አንዱን ክፍል ብቻ ሲያሠራ፣ ጌም ሁሉንም ባንድ ጊዜ ያሠራልና። በሰከንድ 60 ሥዕል እንዲታይ ከተፈለገ፣ ለእያንዳንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ ሰከንድ ለሺሕ ተከፍሎ ከዚያ 17 ያኽሉ ብቻ ነው። በዚህች ጊዜ ውስጥ ፕሮሰሰሩ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ ያሰላል፤ ሜሞሪው ያቀብላል፤ የግራፊክስ ክፍሉም ይሥላል። ከእነዚህ አንዱ ቢዘገይ ሌሎቹ ቆመው ይጠብቁታል። ስለዚህ ጥያቄው «ኮምፒዩተሩ ደካማ ነው ወይ?» ሳይሆን «የሚያስጠብቀው የትኛው ክፍል ነው?» የሚል መሆን አለበት።

ሥርዓቱ በተለወጠ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታየው መዘግየት ብዙውን ጊዜ በራሱ ያልፋል። አዲሱ ሥርዓት ፋይሎቹን ለፍለጋ እንዲመቹ ይመዘግባል፤ ጸረ ቫይረሱ ይመረምራል፤ ተጨማሪ አፕዴትም ከኢንተርኔት ይወርዳል። ኢንተርኔቱ በጥቅል በሚገዛበት ቤት ደግሞ ማውረዱ እየተቋረጠ ለብዙ ቀን ይጓተታል። ይህ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቍልፎች በአንድነት መጫን ነው፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ የፕሮሰሰሩ፣ የሜሞሪውና የዲስኩ ሥራም በመቶኛ ተጽፎ ይታያል። ጌም ሳይከፈት ዲስኩ ከመቶ 100 የሚሠራ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩን ቻርጀር ላይ ሰክቶ አንድ ሁለት ምሽት መታገሥ ነው። በዚያው ገጽ ላይ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡት ፕሮግራሞች ዝርዝር ይገኛልና፣ የማያስፈልጉትን ማገድ ነው።

ትዕግሥቱ ካልረዳ ቀጥሎ የሚመረመረው ድራይቨር ነው። ድራይቨር ማለት በሥርዓቱና በዕቃው መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። ሁለት የማይግባቡ ሰዎች በጥሩ አስተርጓሚ ሲነጋገሩ ነገሩ ቶሎ ያልቃል፤ ቋንቋውን በቅጡ የማያውቅ ቢገባ ግን በአንድ ቃል ላይ ሲከራከሩ ይመሻል። ሥርዓቱ ሲለወጥ የግራፊክሱ አስተርጓሚ ሊጠፋና በስፍራው ዊንዶውስ ለሁሉ የሚሆን አንድ ተራ አስተርጓሚ ሊያስቀምጥ ይችላል። ይህን ለማወቅ ዲቫይስ ማናጀር ገብቶ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ በሚለው ሥር ማየት ነው። እዚያ የኢንቴል፣ የኤኤምዲ ወይም የኤንቪዲያ ስም በመገኘት ፈንታ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ቢነበብ፣ በሽታው ተገኝቷል። የግራፊክሱ ክፍል ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ፣ ሥዕሉን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ብቻውን እየሣለ ነው ማለት ነው።

መድኃኒቱ ከላፕቶፑ ሠሪ ወይም ከግራፊክሱ ሠሪ ገጽ ትክክለኛውን ድራይቨር ማውረድ ነው። ለዊንዶውስ 10 የተሠራው አብዛኛውን ጊዜ በዊንዶውስ 11 ላይም ይሠራል። ለቆዩ ካርዶች ግን አዲስ ድራይቨር ላይገኝ ይችላል፤ ለምሳሌ ኤንቪዲያ ኬፕለር ለሚባለው ትውልድ ካርዶቹ ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ አዲስ የጌም ድራይቨር ማውጣት አቁሟል። እንዲህ ሲሆን ለዚያ ካርድ የወጣውን የመጨረሻውን ፈልጎ መጫን ነው። «ድራይቨሮችህን ሁሉ ባንድ ጊዜ አድስልሃለሁ» የሚሉትን ፕሮግራሞች ግን አትመኗቸው፤ ብዙዎቹ ከጥቅማቸው ይልቅ ይዘውት የሚገቡት ጣጣ ይበልጣል።

ድራይቨሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ጌሙ ካልተሻለው፣ የሚያስጠብቀውን ክፍል ለይቶ የሚያሳይ ቀላል ፈተና አለ። በመጀመሪያ ዊንዶውስ የሚለውን ቍልፍና ጂን አብሮ በመጫን በሰከንድ ስንት ሥዕል እንደሚታይ ማንበብና በወረቀት ላይ መጻፍ። ከዚያም በጌሙ ሴቲንግ ውስጥ የስክሪኑን መጠን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ ማድረግ። የፊተኛው 2,073,600 ነጥብ ሲሆን የኋለኛው 921,600 ነው፤ ስለዚህ የግራፊክሱ ሥራ ከግማሽ በታች ይወርዳል። የሥዕሉ ቍጥር በብዙ ከጨመረ ያስጠብቅ የነበረው ግራፊክሱ ነው፤ ትንሽ ደብዘዝ ባለ ሥዕል መጫወት እንግዲህ ወጪ የሌለው መፍትሔ ነው። ቍጥሩ ንቅንቅ ካላለ ግን ግራፊክሱ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ከፕሮሰሰሩ፣ ከሜሞሪው ወይም ከዲስኩ ነውና ሥዕሉን ማበላሸት ምንም አይጠቅምም። ብዙ ጓደኞቻችን ይህን ሳይለዩ ሁሉን ነገር ዝቅ አድርገው፣ ሥዕሉም ተበላሽቶባቸው ጌሙም እንደ ዘገየ ይኖራሉ። አንድ ነገር ለውጦ መለካት፣ ካልረዳም ወደ ነበረበት መመለስ በላቦራቶሪ የተማርነው ሥራ ነው።

ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ የያዘ ሰው ደግሞ ጌሙ በደካማው ላይ እየሠራ እንዳይሆን ይመልከት። በሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ እያሉ ገብቶ ለዚያ ጌም ኃይለኛውን መምረጥ ይቻላል።

ስለ ሜሞሪ ሲነገር፣ 4 ጊጋባይት ብቻ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ሥርዓቱ ራሱ አብዛኛውን ይወስዳል፤ የራሱ ካርድ የሌለው ግራፊክስም ከዚያው ይካፈላል። የተረፈው ለጌሙ ሳይበቃ ሲቀር ኮምፒዩተሩ ዲስኩን እንደ ሜሞሪ ይጠቀማል፤ የቆየው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ጌሙ በየጊዜው ቀጥ ይላል። ገንዘብ ይውጣ ከተባለ እንግዲህ በመጀመሪያ የሚወጣው በዚህ ነው፤ ሜሞሪ መጨመርና ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት አዲስ ኮምፒዩተር ከመግዛት በብዙ ይረክሳል። ሜሞሪው አንድ ከሚሆን ሁለት ተመሳሳይ ቢሆን የተሻለ ነው፤ ግራፊክሱ በሁለት መንገድ ይቀዳልና። ሜሞሪያቸው በቦርዱ ላይ የተበየደ ላፕቶፖች ስላሉ ግን ከመግዛት በፊት ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

አሁን ክርክር ወደሚያስነሣው ነገር እንምጣ። በዊንዶውስ 11 ላይ «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ» የሚባል ዘበኛ አለ፤ ፎርማት ተደርጎ እንደ አዲስ በተጫነ ሥርዓት ላይ ብዙ ጊዜ በራሱ ተከፍቶ ይገኛል። ተንኰለኛ ፕሮግራም ወደ ሥርዓቱ ልብ እንዳይገባ ይጠብቃል። የሚያስከፍለው የፍጥነት ዋጋ ከኢንቴል 7ኛ ትውልድ በፊት በተሠሩት ፕሮሰሰሮች ላይ ከፍ ይላል፤ እነርሱ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ክፍል ስለሌላቸው ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2022 ጌም ተጫዋቾች በሚጫወቱበት ጊዜ ዘግተው ሲጨርሱ ሊከፍቱት እንደሚችሉ ጽፏል። በእኔ አስተያየት ይህ የግል ኮምፒዩተር ላለው ሰው ይሁንለት። አባት የመሥሪያ ቤቱን ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት፣ እኅት በባንክ ገንዘብ በምታስተላልፍበት የቤተ ሰብ ኮምፒዩተር ላይ ግን፣ ለአምስትና ለስድስት ሥዕል ጭማሪ ሲባል ዘበኛውን ማሰናበት ተገቢ አይመስለኝም። ቢደረግም ለባለቤቶቹ ተነግሮ ይሁን።

ጌሙ ሲጀመር ደኅና ሆኖ ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚዘገይ ከሆነ ሥርዓቱን አንወቅስም፤ ያ ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። በአየር መውጫው የተከማቸውን አቧራ ማስጠረግ፣ ላፕቶፑንም ከአልጋ ልብስ ላይ አንሥቶ በጠረጴዛ ላይ ማድረግ ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ፣ ፎርማት ሳይደረግ ከዊንዶውስ 10 የተሻገረ ሰው እስከ 10 ቀን ድረስ በሴቲንግ ውስጥ ሪከቨሪ ከሚለው ገብቶ ወደ ቀድሞው መመለስ ይችላል፤ የቀድሞው ሥርዓት ድጋፍ ግን ከላይ እንደ ተጻፈው ተቋርጧል። 10 ቀን ካለፈ አሮጌው ሥርዓት ከዲስኩ ላይ ይጠፋልና መመለስ የሚቻለው እንደ አዲስ በመጫን ብቻ ነው። ያን የሚያደርግ ሰው አስቀድሞ የቤተ ሰቡን ፎቶግራፍና ጽሑፍ ወደ ፍላሽ ይገልብጥ፤ ቴክኒሻኑ ፎርማት ሲያደርግ ይህን ሳይጠይቅ ሊጀምር ይችላል።